ስሙን ሸፍኚልኝ

የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በጋዜጦች ላይ ነበር። አንድ የመንግሥት፣ አንድ የግል ጋዜጣ ይዤ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የጻፏቸውን 30 ዜናዎች «ሚዛናዊ» እና «ሚዛን የጎደለው» እያልኩ መደብኩ። ውጤቱ አላስገረመኝም። የመንግሥቱ ያዳላል፣ የግሉ ይሻላል። ድሮስ አውቀው የለ!

አድቫይዘሬ ወረቀቱን አገላብጠው «ስትመድቢ የጋዜጣው ስም ይታይሽ ነበር?» አሉኝ። «አዎ፤ ታዲያ እንዴት ላንብበው?» አልኩ። ሳቁና ስለ አንድ ፈረንሳዊ አወሩኝ።

ሬኔ ብሎንድሎ በናንሲ ዩኒቨርሲቲ የተከበረ የፊዚክስ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 «ኤን ጨረር» ያለውን አዲስ ጨረር አገኘሁ አለ። ማስረጃው? በጨለማ ክፍል ውስጥ ደብዛዛ ብርሃን ትንሽ ሲደምቅ በዐይን ማየት። ሌሎችም «እኛም አየን» አሉ። በ1904 አሜሪካዊው ሮበርት ዉድ ሊጎበኘው ሄደና፣ በጨለማው ተከልሎ ለሙከራው የግድ የሚያስፈልገውን ፕሪዝም ብድግ አደረገው። እነ ብሎንድሎ ማየታቸውን ቀጠሉ! ሰውየው እኮ አልዋሸም። እኔን ያስፈራኝም ይሄው ነው።

ዛሬ መድኃኒት ሲሞከር፣ በተቻለ መጠን፣ በሽተኛውም ሐኪሙም የትኛው ክኒን እውነተኛ፣ የትኛው ማስመሰያ እንደሆነ አይነገራቸውም። ተስፋ ያደረገ በሽተኛ «ሻል ብሎኛል» ይላል፤ ተስፋ ያደረገ ሐኪምም የተሻለው መስሎ ይታየዋል። ኮዱን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

የእኔን ኮድ የያዘችው የዶርም ጓደኛዬ ናት። ዜናዎቹን እንደገና ተየበችልኝ፤ የጋዜጣ ስም የለ፣ የጸሐፊ ስም የለ፣ ቁጥር ብቻ። (ለዚህ ሁሉ ልፋት የከፈልኳት ሁለት ማኪያቶ ነው።) የቁጥሮቹን መፍቻ ሻንጣዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

ሽፋኑ ሙሉ አልነበረም፤ አንዳንዱን የመንግሥት ዜና በዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ብቻ አወቅሁት። ቢሆንም በ9 ዜናዎች ላይ ሐሳቤን ቀይሬ ተገኘሁ። 7ቱ የግሉ ጋዜጣ ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር አጠገቡ «ደፋር!» ብዬ የጻፍኩበት አንዱ፣ ስሙ ሲሸፈን ሳነበው ያናገረው አንድ ወገን ብቻ ነው። የመንግሥቱ ማዳላቱ አልቀረም፤ ልዩነታቸው ግን ጠበበ። ቻፕተር አራትን እንደገና ጻፍኩ።

ለአድቫይዘሬ ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ያ የግል ጋዜጣ ስመረቅ ልቀጠርበት የምመኘው ጋዜጣ ነበር።