እርሳሱ የት ነው?

ጊኒ ስፕሪንግስ፣ ሰሜን ፍሎሪዳ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ምንጩ ደረጃ ድረስ ሰዎች ጥንድ ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። አንዳንዱ ወገቡ ላይ እርሳስ ጨምሯል። ለምን ሲሉት "ለመስመጥ" ይላል። የሞላ የብረት ሲሊንደር ያዘለን ሰው መስመጥ አይቸግረውም።

*

አየር እንደሚመዝን ሁሉም ይናገራል፤ እርሳስ ሲቆጥር ግን ይዘነጋዋል። አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ገደማ ነው። እያንዳንዱ 12 ሊትር የሆነ ጥንድ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 4800 ሊትር ይይዛል። ከ5 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ጠላቂው ይህን ተሸክሞ ይገባል፤ ተንፍሶት ይወጣል። ስለዚህ እርሳስ የሚለካው ለመውጫው ነው። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል፣ 3 ሜትር ላይ፣ ከጀርባው ያለው የአየር ከረጢት ባዶ ሆኖ፣ ሳይንሳፈፍ መቆም ከቻለ ልኩ ያ ነው።

ይህን ፈተና የማያውቅ ጠላቂ አላገኘሁም። ሲፈተን ያየሁት ግን ጥቂቱን ነው። ሲሊንደሩ እስኪያልቅ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ መቆየት ይጠይቃል፤ አየሩ ደግሞ በገንዘብ የተሞላ ነው።

*

የዋሻ ጠላቂዎች ደንብ፦ ሲሶው አየር ለመግቢያ፣ ሲሶው ለመውጫ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን።

ቀኑ ደህና ከዋለ ጠላቂው የመጨረሻውን ሲሶ ሳይነካ ይመለሳል። እርሳሱንም የሚፈትሸው ያኔ ነው። "ልክ ነኝ" ይላል። የቀረው ሲሶ ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል። ያ ሲሶ የሚያልቀው ጓደኛው አየር አጥቶ ከአንድ ጥንድ ሲሊንደር ለሁለት ሲተነፍሱ ነው። ያን ቀን ሁለቱም ሰውነታቸው ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን እስኪወጣ 6 ሜትር ላይ፣ ከዚያም 3 ሜትር ላይ መቆም ይኖርባቸዋል። ያን ቀን "ልክ" የነበረው ሰው 2 ኪሎ ይቀላል፤ ውሃውም ወደ ላይ ይገፋዋል።

*

በዚህ አካባቢ ዋሻ ገቢዎች የሚወዱት ትልቅ የብረት ሲሊንደር አለ። አንገቱ ላይ የታተመው ግፊት 165 ባር ገደማ ነው። እስከ 250 ባር ማስሞላት የቆየ ልማድ ሆኗል። ያኔ ጥንዱ የሚይዘው አየር ብቻውን ከ9 ኪሎ ያልፋል። የእርሳሱ ሒሳብ የሚሠራው በታተመው ቁጥር ነው።

*

"ለጥንቃቄ 2 ኪሎ ጨመርኩ።" ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ።

2 ኪሎ ትርፍ እርሳስ ለማንሳት ከረጢቱ ውስጥ 2 ሊትር ያህል ትርፍ አየር መኖር አለበት። 10 ሜትር ላይ 2 ሊትር የነበረው አየር ሳይለቀቅ ከመጣ ውሃው ወለል ላይ 4 ሊትር ይሆናል። ጥንቃቄ ያለው ሰው በእያንዳንዱ ሜትር አየር ሲለቅና ሲጨምር ይውላል።

*

ውሃ ውስጥ "አግድም ነኝ" ያለ ሰው ቪዲዮውን ሲያይ ደረቱ ከፍ፣ ጉልበቱ ዝቅ ብሏል። መጀመሪያ የሚጠረጥረው ካሜራውን ነው፤ ተጣሞ ይሆናል ይላል። ከአፉ የወጣው አረፋ ግን እዚያው ምስል ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

*

ያዘነበለ ሰው በቀዘፈ ቁጥር ውሃውን ወደ ኋላም ወደ ታችም ይገፋል። ወደ ታች የገፋው ያነሳዋል፤ ትርፍ እርሳሱ አይታወቀውም። ቁም ሲሉት ይሰምጣል። የተገፋው ውሃ የዋሻውን ወለል ይቀሰቅሳል፤ ወለሉ ደለልና ጭቃ ነው። እሱ ፊት ለፊቱ የሚያየው ጥርት ያለ ውሃ ነው። መውጫውን የሚያጣው ከኋላው ያለው ነው።

ስለ መዘንበሉ የሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የሚለኝ "ስንት ኪሎ ልጨምር?" ነው። አንገትን ቀና ማድረግ፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ክንድን ወደ ፊት መዘርጋት ምንም አያስወጣም። ሰውየው ግን ኪሱ ውስጥ እርሳስ ይፈልጋል።

*

ከሰውነት መሐል 1 ሜትር ርቆ እግር ላይ የታሰረ 1 ኪሎ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ 4 ኪሎ የሚሠራውን ይሠራል። ቀበቶ ላይ ያለ እርሳስ መሐሉ አጠገብ ስለሆነ ያከብዳል እንጂ ብዙም አያዘነብልም፣ አያቃናም። አብዛኛው እርሳስ ያለው ቀበቶ ላይ ነው።

*

ሁለቱን ሲሊንደሮች በሚያስሩት ቀለበቶች ውስጥ ጥንዱን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማንሸራተት ይቻላል። ጭንቅላቱ የሚከብደው ሰው ወደ ታች ያወርደዋል፤ ይቃናል። ከአንገቱ ኋላ ያሉት ቫልቮችም አብረው ይወርዳሉ። አንዱ አየር ማፍሰስ ሲጀምር በራሱ እጅ መዝጋት አለበት። "ይደርሰኛል" ይላል። የሚለው መሬት ላይ ሆኖ፣ በቲሸርት ነው።

*

አሉሚኒየም ሲሊንደር እየተተነፈሰ ሲሄድ ቂጡ ይንሳፈፋል፤ ብረቱ ብዙውን ጊዜ ባዶም ሆኖ ይሰምጣል። ሲሊንደር ተዋውሰው እርሳሱን ሳይነኩ የሚገቡ አሉ። ከባሕር ወደ ምንጭ ሲመጡም እንዲሁ፦ ከነዕቃው 130 ኪሎ የሚሆን ሰው ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚፈልገው እርሳስ ምንጩ ውስጥ ከሚፈልገው በ3 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። ቀበቶው ግን ያው ነው።

*

የዋሻ ጠላቂው ሼክ ኤክስሌይ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ዋሻ ውስጥ ስለሞቱ ጠላቂዎች ጽፏል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ እስከ መውጫው ያልተቋረጠ ገመድ አለመዘርጋት፣ ለመመለሻ በቂ አየር አለማስቀረት፣ ከልክ በላይ ወደ ጥልቀት መውረድ። ከሦስቱ መካከል እርሳስ የለም። እርሳስ የበዛበት ሰው ግን ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ዝቅ ያለ እግር የቀሰቀሰው ጭቃም ገመዱን ይሸፍናል።

*

የጠላቂዎችን መዝገብ ማየት እወዳለሁ። ጥልቀት አለ፣ ደቂቃ አለ፣ ባር አለ። የውሃው ሙቀት 22 ዲግሪ፤ ምንጩ ክረምት ከበጋ ስለማይለወጥ በየገጹ 22 ተጽፏል። በእርሳስ ቦታ አንድ ቁጥር አለ፤ የት እንደታሰረ የለም።

የአንዲት ሴት መዝገብ ላይ ግን እንዲህ የሚል አየሁ፦ "2 ኪሎ፣ በሲሊንደሮቹ መካከል፣ ከታችኛው ቀለበት በላይ። 40 ባር ሲቀር 3 ሜትር ላይ ሳልቀዝፍ ቆምኩ። ሁለቱንም ቫልቭ ዘግቼ ከፈትኩ።"