ከዊንጌት አቀበት በላይ

ዊንጌት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ታክሲው ሰልፍና ወደ ረዳቶቹ ጥሪ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዊንጌት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል የገባ እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ትምህርት ቤቱም ስለ መኮንኑም አይደለም። ከዊንጌት ሆኖ ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ ስለሚታየው ተራራና ስለ ጫካው ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ የማስተምራቸውን ልጆች ይዤ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጉዞ ጀመርን። አቀበቱን ስንያያዘው አንዲት እናት በጀርባቸው የጭራሮ ሸክም አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ሲወርዱ አገኘናቸው። መንገድ ለቀቅንላቸው። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው አረፍ ሲሉ ከተማሪዎቼ አንዷ ጠጋ ብላ፣ «እናቴ፣ ጫካው ቢያልቅስ?» አለቻቸው። ልጅ ናትና እንደመጣላት ጠየቀች። እኔ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ጫካውን አልጠላውም ልጄ» አሉ። «ጎርፉ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው እኔ ቤት ነው። ግን ይህን ካልሸጥኩ ምጣዱም አይጣድም።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በዚህ ቃል በኩል ነው።

ተራራውን ለረጅም ዘመን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ የማገዶ ችግር ገጥሟት መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ከተማዋን ከመነቀል አዳናት። ውለታው ይህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ውኃ መጠጣቱና ሥሩ ሌላ ተክል እንደልቡ አለማስበቀሉ ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ የተራራው የቀድሞ ባለቤቶች ሆነው ሳለ፣ በዚህ የባሕር ዛፍ ባሕር መካከል እንደ ደሴት እዚህም እዚያም ቀሩ።

ይህን ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ2005 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ተስማምተው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን መሠረቱ። ስፋቱ 705 ሔክታር ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው ዕውቀቱ ነበረው፤ መሬቱ አልነበረውም። ከተማው መሬቱ ነበረው፤ የትኛው ዘር የት እንደሚጸድቅ የሚያውቁት ግን የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ነበሩ። እንደ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ያሉ የዕፅዋት ሊቃውንት ለዚህ ሥራ የደከሙት በአገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች እንዳሉና ከመቶ አሥር ያህሉ በሌላ አገር እንደማይገኙ ስለሚያውቁ ነው።

ሥራው ግን የአንድ ጀምበር አይደለም። ባሕር ዛፉ በአንድ ጊዜ ቢመነጠር ቁልቁለቱ ይራቆታል፣ አፈሩም ከዝናቡ ጋር ወደ ከተማ ይወርዳል። ጥድም እንደ ባሕር ዛፍ አይቸኩልም። ዛሬ የሚተክለው ሰው ጥላውን የሚያወርሰው ለልጅ ልጁ ነው። ለልጆቹ የነገርኳቸው ሌላም ነገር አለ። የእንጦጦ ሰንሰለት የውኃ መለያያ ነው። በደቡብ የወረደው ጠብታ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ ወደ ሱሉልታ የወረደው ደግሞ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይደርሳል። የአንድ ሰፈር ተራራ የብዙ አገር ሰው ጉዳይ ነው ማለት ነው።

የሁለቱ ተቋማት ስምምነት ይህን ያህል ካስገኘ፣ ሦስተኛው ወገን ማን ነው? በአቀበቱ ያገኘናቸው እናት ናቸው።

በመድረሳ የተማርን ስለ ሒማ ሰምተናል፤ ለጋራ ጥቅም ተከልሎ ስለሚጠበቅ የግጦሽ ቦታ ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቂዕ የተባለውን ቦታ ከልለው ነበር። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ ሁነይ የተባለውን ሰው ሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙት፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለው ድሃ እንዲገባ፣ የባለጸጎቹ መንጋ ግን እንዳይገባ አዘዙት። ባለጸጋው ከብቱ ቢያልቅ ወደ ተምሩና ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ደጃፋቸው ይቆማል። ከዚህ የምንማረው፣ ክልከላ ሲታወጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ድሃው በምን ይኑር?» የሚለው መሆኑን ነው።

በከተማችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሞከሩ አሉ። ቀድሞ እንጨት ተሸካሚ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው በሽመና መተዳደር ችለዋል። በየቤታችን ደግሞ እንደ «ምርጥ» ያለ ማገዶ ቆጣቢ ምጣድ ብንጠቀም ከተራራው የሚወርደው ሸክም ይቀንሳል። ችግኝ የሚተክል ወጣት ክረምት ሲያልፍ ተመልሶ ውኃ ቢያጠጣ፣ የሰፈር ዕድርና የመስጊድ ጀምዓም አንዲት እናት ሌላ ሙያ የምትማርበትን ወጪ ቢሸፍን፣ ይህም ተራራውን መጠበቅ ነው።

ስንመለስ ያቺ ተማሪ ከጎኔ እየሄደች፣ «ኡስታዝ፣ እኔ ችግኝ መትከል ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር» አለችኝ። ዊንጌት እስክንደርስ ሌላ አልተነጋገርንም። አደባባዩ ላይ ረዳቶቹ ይጣራሉ። ከመካከላቸው ያቺን የጭራሮ ሸክም የሚገዛ ሰው እየተከራከረ ነበር። ልጅቷ ቆም ብላ አየቻቸው፤ ከዚያም ወደ ተራራው ዞር አለች።