ቅጠል ስር ያለው ሰፈር

በጋው ሲከር የእማዬ ቲማቲም ቅጠሎች ቢጫ ነጠብጣብ አወጡ። እሷ ውሃ የጠማቸው መሰላት። እኔ ቅጠሉን ገልብጬ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው አቧራ ነገር አለ። አቧራው ይራመዳል።

ከሱቅ የተባይ መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁ። አንድ ሳምንት ደስ አለን። በሦስተኛው ሳምንት ስስ ድር ቲማቲሙን እንደ ነጠላ አለበሰው። እማዬ ድሩን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ልጄ፣ መድኃኒቱ ቀለብ ሆናቸው እንዴ?» አለችኝ።

አፍሬ ማንበብ ጀመርኩ። ማይት ይባላሉ፤ ስምንት እግር ያላቸው የሸረሪትና የመዥገር ዘመዶች ናቸው። ቲማቲማችንን የያዘው ስፓይደር ማይት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅጠሉን እየወጋ ይመጥጣል። ሙቀትና ድርቀት ሲያገኝ ከእንቁላል ተነስቶ በ10 ቀን ገደማ ራሱ እንቁላል ይጥላል። እሱን እያደነ የሚበላ ሌላ ማይትም አለ። ችግሩ፣ ስፓይደር ማይት መድኃኒት ቶሎ ይለምዳል፤ አዳኙ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያልቃል። በአጭሩ፣ ዘበኛውን ገድዬ ሌባውን አስገብቻለሁ። ዝዋይ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች በተቃራኒው ፋይቶሲዩለስ የተባለውን አዳኝ ማይት ሆን ብለው አበባው ላይ ይለቃሉ።

ታዲያ የእኛን ዘበኞች ማን ይልቀቅልን?

ቅዳሜ ነጭ ወረቀት ይዤ ወደ አቃቂ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ገላን ፋብሪካና መጋዘን የሞላባት አካባቢ ናት፤ ሳር ያለበት ቦታ ሁሉ «ባዶ መሬት» ይባላል። ሳሩን ወረቀቱ ላይ አራገፍኩት። ነጥቦች ወደቁ፤ ጥቂቶቹ ቀስ ብለው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ እየሮጡ ሄዱ። ከወንዙ ዳር ካለች ሾላ ቅጠልም እንዲሁ። የትኛው ምን እንደሆነ መለየት አልችልም። ባዶ እንዳልሆነ ግን አየሁ።

ቤት ስመለስ በጓሮው ጥግ ያለችውን ቡና አስታወስኩ። የቡና ቅጠል ብትገለብጡ፣ የጎን ጅማቶቹ ከመሃለኛው ጅማት በሚገናኙበት ቦታ ትንንሽ ጉድጓዶች ታያላችሁ። ዶማሺያ ይባላሉ፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1887 ያወጣላቸው አክሰል ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። በብዙ ዕፅዋት ላይ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ውስጥ አዳኝ ማይቶችና ሻጋታ የሚበሉ ማይቶች ይኖራሉ። ተክሉ ራሱ ለዘበኞቹ ቤት ሠርቶላቸዋል ማለት ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ስጠጣ ቅጠሏን አንድ ቀን ገልብጬ አላውቅም።

በቀጣዩ በጋ አልረጨንም። የቲማቲሙን ቅጠል ከስር በኩል በውሃ እያጠብን፣ አጥሩ ስር ያለውን ሳር ሳናጭድ ተውነው። ቢጫው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን ለወጥ የሚሆን ቲማቲም ለቀምን።

አሁን እማዬ ጠዋት ጠዋት ጓሮ ስትወጣ አንድ ቅጠል ትገለብጥና ትጠራኛለች።

«ና እስኪ በስልክህ እይልኝ፤ ዘበኞቹ አድረዋል?»