ከጅራቱ የሚነቃው ዘንዶ

ደቡብ ፍሎሪዳ ዘንዶ የሚታደንበት አገር ነው። ለቤት እንስሳነት ከእስያ የመጣው የበርማ ዘንዶ በኤቨርግሌድስ ረግረግ ተራብቶ የአካባቢውን አራዊት ስለፈጀ፣ የግዛቱ መንግሥት ለአዳኞች ይከፍላል። እዚሁ አገር ሐኪሞች አንድ ዘንዶ ሕመም እንዳይሰማው ሲጨነቁ ማየቴ አስገረመኝ።

ምክንያቱ አደኑ ራሱ ነው፤ ወንዱ ዘንዶ የሬዲዮ ማሰራጫ በሰውነቱ ተቀብሮለት ይለቀቃል። በመራቢያ ወቅት ሴቶቹን ፍለጋ ሲሄድ ተመራማሪዎች ይከተሉታል። የደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳ ኮንሰርቫንሲ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ዘዴ ይጠቀማል። በ2022 ይፋ የተደረገችው፣ 98 ኪሎ ግድም የምትመዝነውና 122 እንቁላል በሆዷ የተገኘባት እንስትም በእንዲህ ያለ ወንድ መሪነት የተያዘች ናት።

ማሰራጫው የሚቀበርለትን ዘንዶ ለአራት ተሸክመው አመጡት። አስቀድሞ በሞቀ ክፍል ቆይቷል፤ ሰውነቱ 28 ወይም 30 ዲግሪ ካልደረሰ የማደንዘዣ መድኃኒቱ በወጉ አይሠራም፣ መንቃቱም ይዘገያል። ሐኪሟ ፕሮፖፎል የተባለውን ማደንዘዣ በጅራቱ ደም ሥር ሰጠችው። የማደንዘዣ ጋዝ በጭምብል ብቻ ለምን እንደማይሰጡት ጠየቅኳት። ትንፋሹን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ አይስበውም አለችኝ። ድንዛዜው ከራሱ ወደ ጅራቱ ወረደ፤ አንገቱ ከዛለ በኋላ እንኳ ጅራቱ የያዘውን ወጣት ክንድ ይጠመጥም ነበር።

አፉ ሲከፈት የመተንፈሻው ቀዳዳ ከፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቱቦው በቀላሉ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን በራሱ አልተነፈሰም። አንዲት ረዳት በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ከረጢቱን እየጨመቀች አይሶፍሉሬን የተባለውን የማደንዘዣ ጋዝና ኦክስጅን ትሰጠው ነበር። ልቡ ከራሱ በኩል ከሩብ እስከ ሲሶ ርዝመቱ መካከል ስለሚገኝ ዶፕለር የተባለውን ማዳመጫ እዚያ አሳርፈው ምቱን አዳመጡ።

ቀድሞ እባብን በቅዝቃዜ አፍዝዘው ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ ነበሩ። ቅዝቃዜ መንቀሳቀስን እንጂ ሕመምን አያስቀርም። መጮህም ሆነ ፊቱን ማጨማደድ የማይችል ፍጡር ዝም ስላለ ሕመም አልተሰማውም ማለት ግፍ ነው። ይህ ዘንዶ ዘመዶቹን ለሞት ሊመራ እንደሚለቀቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቢላዋው ሲያርፍበት ሕመም እንዳይሰማው መደረጉ ተገቢ ነው።

ማሰራጫው ተቀብሮ በቅርፊቶቹ መካከል የተቀደደው ቆዳ ከተሰፋ በኋላ ጋዙ ተዘጋ፤ ኦክስጅኑም በተራ አየር ተተካ፤ ኦክስጅን ከበዛለት ለመተንፈስ አይቸኩልምና። መንቃቱ ከጅራቱ ጀመረ፤ ጭንቅላቱ መጨረሻ ላይ ተንቀሳቀሰ። ደጋግሞ በራሱ ሲተነፍስ ብቻ ቱቦውን አወጡለት። ስፌቱ ቆዳውን እስኪቀይር ለሳምንታት ይቆያል።