እርሳሱ

እኛ የሱቅ ልጆች ነን። ወንድምና እህት ሆነን እዚሁ ግቢ ስለምንማር ይኸን የምንጽፈው አንድ ላይ ነው።

ባለፈው ዕረፍት አባታችን ለሱቁ ዲጂታል ሚዛን ገዙ። ከአያታችን የተወረሰው የብረት ኪሎ፣ ያ ባለስድስት ማዕዘኑ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የለሰለሰው፣ ሥራ ፈታ። እኛም ለጨዋታ ያህል አዲሱ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው 960 ግራም አለ። ደገምነው፤ 960። ሳቃችን እዚያው ቀረ።

ገለበጥነው። እንዲህ ያለ ብረት ከሥሩ ጉድጓድ አለው። ቀልጦ የተሠራ ብረት ልክ አንድ ኪሎ ሆኖ ስለማይወጣ ጉድጓዱ ውስጥ እርሳስ ይገባበታል፤ ቢቀል ይጨመራል፣ ቢከብድ ይፋቃል። መርማሪው ከራሱ መመዘኛ ጋር አስተያይቶ ሲያምንበት ማኅተሙን የሚመታው እዚያው እርሳሱ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1878ቱ ሕግ ወዲህ ዘውድና የወረዳው ቁጥር ይመታ ነበር። ነገሩ ብልሃት አለው፤ እርሳሱን የፋቀ ማኅተሙንም ይፍቃል።

የኛ ብረት ማኅተም ግማሹ የለም። የቢላ ጭረት ግን አለ።

መጀመሪያ ዝገት ነው አልን። ኧረ ዝገት ቢላ ይይዛል እንዴ? ከዚያ ሒሳብ ጀመርን፤ መቼም ተማሪዎች ነን። ከ25 ኪሎ 1 ኪሎ፣ ከኩንታል 4። እ.ኤ.አ. ከ1889 እስከ 2019 የዓለም ኪሎ ፓሪስ አጠገብ፣ ሴቭር ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ብረት ነበር፤ ዛሬ በፕላንክ ቁጥር ስለተተረጎመ ማንም አይፍቀውም። የሱቃችን ኪሎ ግን ባንኮኒ ላይ ነበር። ደብተራችን፣ ጫማችን፣ ወደዚህ የመጣንበት የመኪና ሒሳብ ከየትኛው ኪሎ ላይ ተፋቀ? ልጆች ሳለን የጻፍንበትም እርሳስ ነው፤ ስማቸው አንድ መሆኑን ያኔ ልብ አላልንም።

አያታችን ይፋቁት አባታችን አናውቅም። መጠየቅ አልደፈርንም፤ ፈሪ በሉን።

በየቅዳሜው አንድ ኪሎ ስኳር የሚወስዱ አንዲት እማማ አሉ። በ52 ቅዳሜ 2 ኪሎ ከ80 ግራም ይጎድልባቸዋል። ከኪሳችን ሁለት ኪሎ ገዝተን ወሰድንላቸው። ምክንያቱን ስንናገር ተንተባተብን። እሳቸው ግን ሳቁ።

«ሁልጊዜ መርቅልኝ የምለው ለምን መሰላችሁ? የሚዛናችሁን ነገር አውቃለሁ። አባታችሁም ያውቃል፤ አንድ እፍኝ ሳይጨምር ሰጥቶኝ አያውቅም።»

ስኳሩን ተቀበሉን፤ መረቁንም። እኛን ግን እንቅልፍ ነሳን። ጠይቀው የሚያስመርቁትስ እሺ፣ ከገጠር መጥተው ጀንበር ሳትጠልቅ ለመመለስ የሚቸኩሉት፣ መርቅልኝ ለማለት አፍ ያልነበራቸውስ? የነሱን ቤት በየት በኩል ሄደን እናንኳኳ?

ብረቱን ይዘነው መጥተናል። አሁን ዶርማችን ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። ለገና ይዘነው እንመለስና አባታችን ፊት እናስቀምጠዋለን፤ የተፋቀው ወገን ወደ ላይ ሆኖ።