ከአዳማ እስከ በቆጂ፦ ራዲያተሩ ሲፈላ እጅዎን ይሰብስቡ!

የአርሲን መንገድ ዓይን አይጠግበውም፤ ሞተር ግን ቶሎ ይመረዋል። ከአዳማ ወጥተው መልካሳ ላይ አዋሽን ሲሻገሩ ሙቀት ነው። ከዚያ በዴራና በኢተያ በኩል ሽቅብ! 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አሰላ ሲደርሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። በቆጂማ 2,800 ይጠጋል።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ወዳጄ ጋር በአሮጌ ኮሮላ ወደ በቆጂ ስንሄድ ነው ነገሩ የመጣው። አባቱ አርፈው፣ ቀብሩ ለስምንት ሰዓት ተቀጥሯል። ወዳጄ ቸኩሎ ሲጋልባት ኢተያን እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ቆምን። ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደ። «ኧረ ተው!» ብሎ የጮኸው ከኋላችን የደረሰ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ምን ያደርጋል? ክዳኑ ተፈናጥሮ የፈላው ውኃ ክንዱን ገሸለጠው። አባቱን የቀበረው ክንዱን በሻሽ ጠቅልሎ ነው።

ክዳኑ ውኃውን አፍኖ ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ በላይ ቢሞቅም አይፈላም። ሲከፈት ግን አፈናው ይለቀቅና ባንዴ ይገነፍላል። አሰላ ከፍታ ላይ ደግሞ ያልታፈነ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የክዳኑ ጎማ ያረጀበት መኪና ደጋ ላይ ቶሎ የሚያፈላው ለዚህ ነው። እና ሞተሩን ያጥፉ፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ሞተር ላይ ካፈሰሱ ሞተሩ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የአይሱዙው ሹፌር ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። ላልቷል! ቺንጋ ሲላላ የውኃ ፓምፑም ዲናሞውም ይሰንፋሉ። አጠበቀልንና ቀብሩ ላይ ለጥቂት ደረስን።

በማግስቱ በበቆጂ ብርድ መኪናዋ ትክ... ትክ... ብቻ። ለቀስተኛው ሁሉ መካኒክ ሆነ! «ሞተሪኖው ነው» አሉ። እርስዎ ግን መብራት አብርተው ቁልፉን ያዙሩ። መብራቱ ከደበዘዘ ጣጣው ባትሪው ወይም ማሰሪያው ላይ ነው፤ ደምቆ ከቀረ ወደ ሞተሪኖው ይሂዱ። የኛ ደበዘዘ። የባትሪው ማሰሪያ ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ሲጠብቅ ተነሳች። (የነደራርቱ ቱሉን፣ የነቀነኒሳ በቀለን አገር አየር የሰው ሳንባ ይለምደዋል፤ ካርቡራተር ግን አይለምደውም። ጭስ ቢያበዛ አይደንግጡ።)

ቁልቁለቱን ነዳጅ ልቆጥብ ብለው ፍሪ አይልቀቁት፤ በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ፍሬን ከጋለ አይዝም። ስንመለስ የነዳሁት እኔ ነኝ። ወዳጄ ክንዱን ታቅፎ፣ ጭላሎን እያየ፣ እስከ ዴራ አንድ ቃል አልተነፈሰም።