የሐሙስ መርፌ

በ2013 ዓ.ም. ጥርና የካቲት፣ ረቡዕ ረቡዕ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ከመንደር 8 ወደ ገዳሪፍ ማሽላ ጭኖ በሚሄድ መኪና ላይ አንድ አዛውንት ይሳፈሩ ነበር። ጭናቸው ላይ ጆንያ አለ። ከጆንያው አፍ የአንድ ቡናማ ውሻ ራስ ብቅ ብሎ አቧራውን ያሸታል። ጆንያ ውስጥ እንዲገባ ያዘዘው ሾፌሩ ነው፤ እህሉ ላይ ደም እንዲንጠባጠብ አልፈለገም። በዚህ ማንም አይፈርድበትም። ውሻው መከታ ይባላል።

መንደር 8 ስሟ ቁጥር የሆነ መንደር ናት። ሱዳን በላይኛው አትባራና በሰቲት ወንዞች ላይ ግድብ ስትሠራ (ሰቲት ማለት ያው የሐበሻው ተከዜ ነው) ከቀያቸው ለተነሡት ሰዎች ባለ ቁጥር መንደሮች ተቆረቆሩላቸው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመረቀ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ በሉግዲ በኩል ድንበር የተሻገረው ሕዝብ ወደዚህችው መንደር ተወሰደ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ስደተኛ ከ60 ሺህ በላይ ነበር። ወንዝ ያፈናቀለውና ጦርነት ያፈናቀለው በአንድ ገበያ ይገበያዩ ጀመር።

አዛውንቱ በሑመራ ዙሪያ የሰሊጥ እርሻ ዘበኛ ነበሩ። ይዘው የወጡት አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሬዲዮና ዱላቸውን ነው። ስለ ውሻው ሰው ሲጠይቃቸው፣ «እኔ አላመጣሁትም፤ ተከትሎኝ መጣ» ይላሉ። አራት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን አብረው ያነጉ ሁለት ዘበኞች ናቸውና፣ ማን ማንን እንደተከተለ ለመለየት ያስቸግራል።

ደሙ የታየው በታኅሣሥ ነው። መከታ በሸና ቁጥር ጠብ ጠብ ይል ጀመር። አዛውንቱ መጀመሪያ ድንጋይ ወይም እሾህ የመታው መስሏቸው በጨው ውኃ አጠቡት። ቀጥሎ በሳምንታዊው ገበያ የከብት መድኃኒት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ወሰዱት። ሻጩ ለፍየልም ለበግም የሚሰጠውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ወጋው፤ ሒሳቡን ተቀበለ፤ ደሙ አልቆመም። በአቅራቢያ ካለችው ከተማ የሚገኝ ባለሙያ ግን ገና ሲያየው በሽታውን ዐወቀው። ከውሻ ወደ ውሻ በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መርፌ ያስፈልገዋል አላቸው። የጠራው ዋጋ ሁለት ፍየል ይገዛል። አዛውንቱ አንድም ፍየል አልነበራቸውም።

ይህ ዕጢ ከሌሎች ዕጢዎች ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። የታመመው እንስሳ የገዛ አካሉ ያበቀለው አይደለም። በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በኖረ አንድ ውሻ ላይ የተነሣው ዕጢ ነው፣ ሕዋሱ ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ እየተሻገረ እስከ ዛሬ የደረሰው። የመጀመሪያው ባለቤቱ ከሞተ ዘመናት አልፈዋል፤ ዕጢው ግን አገር ለአገር ሲዞር ኖሮ ዓለምን ሁሉ አዳርሷል። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚበዙበት አገር ሁሉ ይገኛል፤ በኢትዮጵያም በሱዳንም የተለመደ ነው። ደግነቱ ይድናል። ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒት በጊዜው ከተሰጠ አብዛኛው ውሻ ሙሉ በሙሉ ይሽራል። መድኃኒቱ የሚቀመመው ትውልዷ ማዳጋስካር ከሆነች፣ ሮዝ አበባ ከምታወጣ አንዲት ተክል ነው። ሆኖም የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። በደም ሥር ውስጥ መግባት አለበት፤ ጠብታው ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ያቃጥላል። የገበያው መርፌ ወጊ የሚሞክረው ነገር አይደለም።

ሱዳኖች የእንስሳት ሐኪምን በይጣሪ ይሉታል። ቃሉ ሥሩ ከጽርእ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ የፈረስ ሐኪም ማለት ነው። በእርግጥም በዚህ አካባቢ የእንስሳት ሕክምና የተደራጀው ለሚጫነው፣ ለሚታረሰው፣ ለሚታለበውና ለሚሸጠው ነው። በኢትዮጵያ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን፣ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ጨረሰ፤ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጥቶ ሕዝቡ በረኃብ አለቀ። በ1956 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተቋቋመው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት ያመርት የነበረው እንዲህ ያለው እልቂት እንዳይመለስ ነው፤ ደስታም በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ተበሠረ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ውሻ ግን በዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ ስሙ የሚነሣው ሲያብድ ብቻ ነው። ዋጋ የማያወጣ እንስሳ ሐኪም ሲፈልግ ሩቅ መሄዱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሩቁ ገዳሪፍ ነበር። በገዳሪፍ እንጀራ የሚሸጡ፣ ቡና የሚያፈሉ ሐበሾች ከጥንት ጀምሮ አሉ። ከእነርሱ አንዷ ስለ አንድ ወጣት በይጣሪ ለአዛውንቱ ወሬ ላከችላቸው። ወጣቱ ከሌላው የሚረክስበት ምክንያት ርኅራኄው ብቻ አልነበረም፤ ሒሳቡም ነው። አንዱ ብልቃጥ አንድ ሚሊ ግራም ይይዛል፤ የመከታን ያህል፣ ወደ 20 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ውሻ ግማሹ ይበቃዋል። የተከፈተ ብልቃጥ ደግሞ ለሌላ ሳምንት አይቀመጥም። የአንድ ሰሊጥ ነጋዴ ጠባቂ ውሻ በዚያው በሽታ ተይዞ ሐሙስ ሐሙስ ይወጋ ነበርና፣ ወጣቱ፣ «ዐሚ» አላቸው፣ አጎቴ እንደማለት፣ «ሐሙስ ጠዋት ከደረሱልኝ ግማሽ ብልቃጥ ብቻ ይከፍላሉ። ዐርብ ከመጡ ሙሉውን ነው።»

ስለዚህም መንገዱ በሐሙስ ታሰረ። ስደተኛ ከተመደበበት ስፍራ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ያሻዋል። አዛውንቱ ምክንያታቸውን «ለሕክምና» ብለው አስጻፉ፤ የማን ሕክምና እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፣ እርሳቸውም አልተናገሩም። ረቡዕ ማታ ከተማ ይገባሉ፤ በሐበሻዋ ግቢ ያድራሉ። ሐሙስ ከመርፌው በኋላ ውሻውን ጥላ ሥር አስረው በእህል ገበያው ጆንያ ይሸከማሉ፤ የሚመለሱበትንና የሚመጣውን ሳምንት ግማሽ ብልቃጥ የሚገዙት በትከሻቸው ነው። ዕድሜያቸው ለሸክም አልፎ ነበር። በመንገድ ላይ ስለ ውሻው ብዙ ክርክር ይገጥመኛል ብለው ፈርተው ነበር፤ ብዙም አልገጠማቸውም። በሱዳን የሚበዛው የማሊኪ መዝሀብ ውሻን እንደ ሌሎቹ መዝሀቦች ርኩስ አይለውም፤ ከብት አርቢውም ውሻ ከመንጋው ጋር ሲያድር ያየ ሰው ነው።

ክርክሩ የመጣው ከቤት ነው። ከጎናቸው ባለው መጠለያ የምትኖር አንዲት እናት አንድ ማታ እንዲህ አለቻቸው፤

«አያ፣ ይህ መርፌ ደሙ ለታመመ ሕፃን የሚሰጥ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እቴ።»

«ታዲያ ለውሻ?»

አዛውንቱ መልስ አልሰጡም። ሴትዮዋ ያለችው ሐሰት አይደለም፤ ቪንክሪስቲን በሕፃናት የደም ካንሰር ሕክምና ውስጥ ትልቅ ስፍራ ያለው መድኃኒት ነው። መከታ ባይወጋው ግማሹ ብልቃጥ ወደ መንደር 8 የጤና ጣቢያ አይመጣም ነበር፣ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን እውነት በማግሥቱ ልጇን አዝላ ሰልፍ ለምትቆም እናት መንገር ይከብዳል። ዝም ማለታቸው ይሻል ነበር። ሦስተኛው ረቡዕ ላይ ያቺው ሴት ለመንገድ ቆሎ ቋጥራ ሰጠቻቸው፤ ስለ ውሻው ግን አንዲትም ቃል አልተናገረችም።

ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ደሙ ቆመ። በአራተኛው ዕጢው በጣት የማይያዝ ሆነ። ወጣቱ አንድ ይቀራል አለ፤ ሥሩ ከቀረ ይመለሳልና።

አምስተኛው ሐሙስ የካቲት 18 ቀን ዋለ። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ሱዳን የገንዘቧን ይፋ ምንዛሪ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ለአንድ ዶላር አውርዳ ነበር። በጥቁር ገበያ ቀድሞም ወድቋል፤ ቢሆንም የመድኃኒት ቤቱ ሰው በዚያ ሳምንት ዋጋውን ጠዋትና ማታ ይለውጥ ነበር። በዚህ ላይ የነጋዴው ውሻ አልመጣም። ሕክምናውን ጨርሶ ድኗል። አዛውንቱ በመሐረባቸው የቋጠሩት ገንዘብ ለባለፈው ሳምንት ግማሽ ብልቃጥ የሚበቃ ነበር። መሐረቡን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ቆጥረው የቀረውን ለመናገር አፋቸውን ሲከፍቱ ወጣቱ ብልቃጡን ሰብሮ ከፍቶ ነበር።

«እግሩን ይያዙልኝ፣ ዐሚ።»

መከታ የለመደው መርፌ ነውና አልተንቀሳቀሰም። የተረፈው ግማሽ ተደፋ። ወጣቱ የዕለት መዝገቡን ገለጠ። ዓምዶቹ ግመል፣ ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ አህያ ይላሉ። በኅዳጉ ላይ ውሻ ብሎ ጻፈና ከጎኑ የቀረውን ዕዳ አስፍሮ ዘጋው። መቼ እንደሚከፈል አልጠየቀም።

አዛውንቱ መንደር 8 ተመልሰው ሁለት ሳምንት ጡብ ተሸከሙ። በሦስተኛው ረቡዕ ብቻቸውን በማሽላው መኪና ላይ ወጡ፤ ዕዳቸውን ለማድረስ። የያዙት የጉዞ ፈቃድ ያው ለሕክምና የሚለው ነው። በመንገድ ያለው ፈታሽ አምስት ሳምንት ሙሉ ስላያቸው ለምዷቸዋል። ወረቀቱን አየ፤ ጭናቸውን አየ፤ ጆንያ የለም።

«በሽተኛውስ የት አለ?» አላቸው።

«ቤት ይጠብቃል» አሉት።